ፈሂማ የተቀመጠች ዕለት

«ተቀመጪ እንጂ!» የሚለውን ነገር ፈሂማ ከገዛ ስሟ ይልቅ ደጋግማ ሰምታዋለች። እንግዳ ሆና በሄደችበት ቤት ቆማ ታወጋለች፣ ቆማ ትጎርሳለች። ለቅሶ ቤት እንኳ ብትፈለግ ከተቀመጡት ሴቶች መሐል አትገኝም፤ ከጓሮ ነው፣ ሰሐን ስታመላልስ። እጇ ሥራ ከፈታ እግሯ ይነሣል። ባሏ ጃፈር ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሚኒባስ ይነዳል፤ «እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አገር አቋርጣለሁ፣ እሷ እቤት ውስጥ ቆማ ከኔ የበለጠ ትሄዳለች» እያለ ተሳፋሪ ያስቃል።

መቆሙስ ባልከፋ። የከፋው የጀመሩትን አለመጨረስ ነው። ፀጉር ሥራ ተማረች፤ ሹሩባ ወገቤን በላው ብላ ተወችው። ልብስ ስፌት ገባች፤ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ቀሚስ እስከ ዛሬ ድረስ ከቁምሣጥኑ አናት ላይ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። መንጃ ፈቃድ ላውጣ አለች፤ ጽሑፉን አልፋ ተግባሩ ሲቀራት ቀረች። ዐረብ አገር ልሂድ ብላ ፓስፖርት አወጣች፤ ሐሳቧን የለወጠችው ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ መርቆና አልቅሶ ከሸኛት በኋላ ነው። አልዩ አምባ ያሉት እናቷ ሰሊሃ፣ ልጅሽ እንዴት ናት ሲባሉ፣ «ልጄስ ገበያ ናት» ይላሉ። «ጠዋት ግጥም ትላለች፣ ከሰዓት ሜዳው ባዶ ነው።»

እንግዲህ ይህች ሴት ናት የሕፃናት እንክብካቤ ደረጃ ሦስት ልማር ብላ የተመዘገበችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጠባሴ በኩል፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ የካርቶን ፋብሪካ አለ። ለሠራተኞቹ ልጆች ማቆያ ሲከፍት ፈሂማ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። አጣቢ ትባል እንጂ ወር ሳይሞላት ሕፃናቱ ሁሉ እሷው ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አትቀመጥማ! ልጅ ደግሞ የማይቀመጥ ሰው ይወዳል። አንዱን አዝላ፣ አንዱን አቅፋ፣ ሦስተኛውን በቀሚሷ ጫፍ እየጎተተች ስትዞር ትውላለች። ኋላ ግን ኀላፊዋ ሠራተኛውን ሰብስባ፣ ከዚህ በኋላ ከሕፃናቱ ክፍል የሚገባው ሠልጥኖ፣ በምዘና አልፎ፣ ወረቀቱን የያዘ ብቻ ነው አለች። ያልያዘ፣ ለመያዝም የማይማር፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ይመለሳል። ፈሂማ በዚያኑ ሳምንት ኮሌጅ ሄዳ ለማታው ክፍል ተመዘገበች። እናቷ ሲሰሙ፣ «ይኼኛውንስ መቼ ነው የምትተይው?» አሏት። ያቺ ቃል ከወጋቻት አልወጣችም።

ለነገሩ ትምህርቱን ይዛው ነበር። የራሷ ዘዴ ነበራት። የሞጁሉን ገጾች ትፈታና ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ትሰቅላቸዋለች፤ አንሶላና የአንገት ጨርቅ እያሰጣች፣ ገመዱን ተከትላ እየሄደች ታነባለች። ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚያወራውን ምዕራፍ እንዲህ በእግሯ ጨረሰችው። ስለ ንጽሕና የሚያወራውንም። ስለ አደጋ መከላከል የሚያወራውን ምዕራፍ ግን የጠባሴ ነፋስ ከነመቆንጠጫው ይዞት ሄደ፤ ከጓደኛ ተውሼ አነበዋለሁ አለች፣ እሱም እንደ እጅጌው ቀረ። ቢሆንም ፈተናውን እየተንገዳገደችም ቢሆን አለፈች። አሳይመንቶቹንም አንድ በአንድ አስገባች። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም ምልከታ ነበር።

አሠልጣኟ ቲቸር ሥርጉት ምልከታ ማለት ምን እንደ ሆነ ስታስረዳ፣ «አንድ ልጅ ትመርጣላችሁ» አለች። «ልጁ ሲጫወት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። አደጋ ካልሆነ በቀር አትነሡ፣ አታንሡት፣ አትርዱት። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። በቃ!»

ለሌሎቹ በቃ ነበር። ለፈሂማ ግን ከነገሩ ሁሉ የከበዳት «ቁጭ ብላችሁ» የሚለው ነበር።

የመረጠችው ልጅ ሠረቀብርሃን ነው፤ ሠሬ ይሉታል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ጉንጩ በደጋው ብርድ የቀላ፣ እጁ የደረሰበትን ሁሉ የሚፈታ ልጅ። እናቱ መስከረም እዚያው ፋብሪካ ካርቶን ታጣብቃለች። ፈሂማ ከሕፃን ወንበር አንዱን ወስዳ ጥግ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሠሬ አነጠሰ። ተነሥታ አፍንጫውን ጠረገች። ተቀመጠች። ኳሱ ከአልጋ ሥር ገባበት። ተነሥታ አወጣችለት። ተቀመጠች። ሌላ ሕፃን አለቀሰ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ። ማቆያው ሲከፈት ጀምሮ የነበሩ፣ ወረቀቱንም ቀድመው የያዙ ተንከባካቢ ናቸው። «ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ? ከነወንበሩ ልሰርሽ?»

«እሰሩኝ እትዬ! እውነቴን ነው፣ እሰሩኝ!»

ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሠሬ ሲጫወት የዋለውን አላየችውም፤ ስታጫውተው ነው የዋለችው። ማታ እቤቷ ገብታ፣ ምጣድ ስታስስ፣ በአንድ እጇ ወረቀቱን ሞልታ ጨረሰችና በማግሥቱ አስገባች።

ምን ጻፈች? እዚህ ላይ የአገሩን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ አገር ልጅ በፊቱ አይመሰገንም። ያማረ ሕፃን ያየ ሰው «ትፍ ትፍ፣ አንተ አስቀያሚ!» ይላል እንጂ እንዴት ያምራል አይልም። ከዕድሜው የቀደመውን ልጅ «ኧረ ይኼ ምን አውቆ!» ይሉታል። ዐይን እንዳይገባበት ነው። አፍ አንድ ነገር ይላል፣ ልብ ሌላውን ያውቃል፤ የሚሰማውም ያውቃል፤ ማንም ከማንም አይጣላም። ፈሂማ ደግሞ ሠሬን ትወደዋለች። እንኳን ለወረቀት፣ ለነፋስም አሳልፋ አትሰጠው። ስለዚህ እናቷ ስለ ልጅ ልጆቻቸው እንደሚናገሩት አድርጋ ጻፈችው። «ልጁ አይረባም። መሄድ አይሆንለትም፣ ይንገዳገዳል። ቢጠሩት አይሰማም። አፉንም አልፈታ። ከልጆች ጋር አይስማማም። እህልም አይወርድለትም።»

ቲቸር ሥርጉት ያንን አንብባ ሌሊቱን አልተኛችም።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ውርጩ ከሣሩ ሳይነሣ፣ ማቆያው ደጃፍ ላይ ደረሰች። ከኀላፊዋ ጋር ትንሽ ተንሾካሸኩ። መስከረም ከሥራዋ ተጠራች፤ ማጣበቂያው እጇ ላይ እንደ ደረቀ፣ የራስ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ እየሮጠች ገባች።

«ልጄ ምን ሆነ?»

«ተረጋጊ እህቴ፣ ምንም አልሆነ» አለች ቲቸር ሥርጉት። «አንዳንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ስትጠሪው ይሰማሻል?»

«ማን፣ ሠሬ? እሱ እኮ የፌስታል ኮሽታ ከጎረቤት ይሰማል!»

«ይናገራል?»

«ኧረ ዝም ባለልኝ!»

ቲቸር ሥርጉት ወረቀቱን አየች። ከዚያ ልጁን አየች። ሠሬ በዚያች ሰዓት የእሷን የቦርሳ ዚፕ ከፍቶ፣ የቤቷን ቁልፍ መዝዞ፣ «እንኪ! እንኪ!» እያለ ወደ ፈሂማ እየሮጠ ነበር።

«ፈሂማ» አለች ቀስ ብላ። «መሄድ አይሆንለትም ያልሽው ይኼን ልጅ ነው?»

ፈሂማ ቁልፉን ተቀበለች። ፊቷ ጋለ። «ታዲያ ቲቸር ምን ልበል? ፈጣን ነው፣ ጎበዝ ነው ብዬ ልጻፍበት? በወረቀት? ለማያውቀው ሰው?»

«እኔ ሐኪም ቤት ልልከው ነበር እኮ! ጆሮው ይታይ ብዬ ደብዳቤ ልጽፍ ነበር!»

መስከረም ምን እንደ ተጻፈ ይነበብልኝ አለች። ተነበበላት። «አይረባም» የሚለው ጋ ሲደርስ ሁሉም ወደ መስከረም ዞረ። እሷ ግን እጆቿን አጨበጨበች። «ታዲያ ምን አጠፋች? ልክ ነው የጻፈችው! ተባረኪ!»

እትዬ ሸዋወርቅ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ጓዳ ገቡ።

ቲቸር ሥርጉትም እናት ናትና ነገሩ ገብቷታል። ግን ደግሞ አሠልጣኝ ናት። እንዲህ ያለ ወረቀት ልጁን ያላንዳች ሕመም ሐኪም ፊት ሊያቆመው እንደሚችል፣ የባሰው ደግሞ በውነት የታመመ ልጅ መጥቶ እንዲህ ቢጻፍለት ማንም እንደማያምነው በጽሞና አስረዳች። ስለዚህ ፈሂማ እንደገና ታያለች፤ እውነቱን ትጽፋለች።

ይህን ስትሰማ መስከረም ፊቷን አጠቆረች። «እውነቱን?» አለች። «እውነቱ ተጽፎ ቢሮ ለቢሮ ሊዞር? እንዲያ ከሆነ ስለ እኔ ልጅ አይጻፍ። ፈሂምዬ፣ ክፋት የለብሽም፣ ዐውቃለሁ። ግን ሥራ ፈትታ ልጅ ላይ የምታፈጥ ሴት አልወድም። አንቺም ብትሆኚ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ወሬው ፋብሪካውን አዳርሶ ነበር። ፈሂማ ሌሎቹን እናቶች ብትጠይቅ ሁሉም፣ ቅር እንዳይላት አቀባብተው፣ እምቢ አሏት። አንዷ «ልጄ ሰሞኑን ጉንፋን አለበት፣ ፊቱ ጥሩ አይደለም» አለች። ለፎቶ የተጠየቀች ይመስል!

«ያለ እናት ፈቃድ አይሆንም» አለች ቲቸር ሥርጉት ልትሄድ ስትል። «ያለ ምልከታም ስምሽን ለምዘና ማስተላለፍ አልችልም። ስም የሚተላለፈው በመጪው ሳምንት ሐሙስ ነው። ካለፈ ለሚቀጥለው ዙር ነው እንግዲህ።»

ፈሂማ የሚቀጥለው ዙር የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ለሌላ ሰው ይኖር ይሆናል። ለሷ ግን ዛሬ የተወችው ነገር ተመልሶ አያውቅም። ያን ቀን የታጠበውን አንሶላ አውርዳ እንደገና አጠበችው። እቤቷም ገብታ ዕቃውን ሁሉ ከቦታ ቦታ አዛወረች፤ ጃፈር ከሥራ ሲገባ ሶፋው በር ላይ ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትተዪ ነው?» አላት፣ በሶፋው ላይ እየተረማመደ። ሊያስቃት ነበር። አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት በሱ መኪና ወደ ቆላ ወረደች። እሄዳለሁ አለች እንጂ ለምን እንደምትሄድ አልተናገረችም። አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ አውርዷት እሱ ተሳፋሪ ጭኖ ተመለሰ፣ እሷ ሌላ መኪና ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። በእያንዳንዱ ጥምዝ ሙቀቱ ወደ ላይ ይመጣል፤ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ከዚያ ሹራቡን አወለቀች። አልዩ አምባ ስትደርስ እናቷ ከቤቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይፈትላሉ። የወንድሟ የሸሪፍ ልጅ ሌይላ ከፊታቸው ግቢው ውስጥ ትድኻለች።

«ጣልሽው?» አሏት እናቷ፣ ከሰላምታው በፊት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል። እግርሽ ነዋ። አንቺ በደኅና አትመጪም።»

ፈሂማ ቆመች። ማድጋው ጎድሎ እንደሆን አየች፣ ሙሉ ነው። መጥረጊያ አነሣች፣ ግቢው ተጠርጓል። ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች። እናቷ እንዝርቱን አሹረው ክሩን እየለቀቁ፣ «ኧረ ዐይኔን አዞርሽው!» አሉና የተዳመጠ ጥጥ ያለበትን ሰፌድ በእግራቸው ገፋ አደረጉላት። «ነይ፣ ይችን ባዝቺልኝ።»

ባዘተች። ጥጡን በጣቷ እያለሳለሰች፣ እያፍታታች፣ ደመና ታስመስለውና ለፈትል እንዲመች ጠቅልላ ባዘቶውን ከሰፌዱ ዳር ትደረድራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሥራ ነው፣ ጣት ብቻውን ይሠራዋል። ዐይኗ ሥራ አጥቶ ሌይላ ላይ ዐረፈ። ሌይላ ወደ ዶሮዎቹ ውሃ ዳኸች። እጇን ነከረች። ቀዝቅዟት ኖሮ አውጥታ አየችው፣ እንደገና ነከረችው። ዶሮዋ መጣች፤ ተያዩ። ሌይላ እጇን ለዶሮዋ ዘረጋች፣ ዶሮዋ አፈገፈገች፤ ሌይላም እንደ ዶሮዋ አፈገፈገች። አያትየው ሁሉንም ያያሉ፣ ከቦታቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅቱ ወደ ምድጃው ድንጋይ ስትዞር፣ «እ!» አሉ። ልጅቱ ተመለሰች። ክሩም አልተበጠሰ።

የዐስር አዛን ሲሰማ ፈሂማ ደነገጠች። ስትቀመጥ ዙሁር ገና ተሰግዶ ነበር። ልትነሣ ስትል እግሯ ደንዝዞ ከዳት።

«እማዬ» አለች፣ ጉልበቷን ይዛ። «እኔ ተቀምጬ ነበር?»

«ኧረ እሱንስ አየሁ። ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ አልኩ።»

እስኪ ይህን ነገር ልብ በሉት። በዚያ መንደር ሴት ሁሉ የሴት ሁሉ ልጅ ሲያይ ይውላል። ማንም ግን «ለምን አፈጠጥሽ?» ብሎ አያውቅም፤ እጅ ሥራ ይዞ ያየ ዐይን አይፈራም። ሥራ ፈትቶ የሚያይ ነው የሚፈራው። ፈሂማ ይህን ያሰበችው ዳገቱን ስትመለስ ነው፣ ከጎረቤላ ጀምሮ ከጃፈር ጎን ተቀምጣ፣ ስለ ሌይላና ስለ ዶሮዋ አንዲት ሳታስቀር እየነገረችው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አላስችላቸው ብሎ፣ «ማሻአላህ በይ እንጂ ሴትዮ፣ ልጅቱን ፈጀሻት!» አሉ። መኪናው ሳቀ። «ማሻአላህ!» አለች ፈሂማ፣ እሷም እየሳቀች። ከእናቷ የተቀበለችው እንዝርት ከነጥጡ ጭኗ ላይ ነበር።

ሰኞ ቲቸር ሥርጉት ጋ ገብታ እንዝርቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይኼን ይዤ ልየው።»

«ከሕፃን አጠገብ? ሹል ነገር?»

«እሺ፣ ካልተዳመጠው ጥጥ አምጥቼ ፍሬውን በእጄ ልፈልቅቅ።»

«ፍሬው ወድቆ አፉ ቢከትስ? አንቆትስ? አደጋ መከላከል የሚለውን ምዕራፍ አላነበብሽም እንዴ?»

«እሱን ነፋስ ወሰደው፣ ቲቸር።»

ቲቸር ሥርጉት ከመሳቢያዋ የገዛ ሞጁሏን አወጣችና ምዕራፉ ላይ ገልጣ ሰጠቻት። «እዚሁ አንብቢው። ቆመሽም ቢሆን።» ፈሂማ ቆማ አነበበች። ስትጨርስ ተስማሙ፤ ንጹሕ ባዘቶ ብቻ፣ ጥጡ ከነከረጢቱ ትከሻዋ ላይ ሆኖ፣ እሷም የልጆቹ መጫወቻ ከታጠረበት ዝቅተኛ እንጨት ወዲያ ማዶ ተቀምጣ። «የእናትየውን ነገር ግን አንቺ ጨርሺ» አለቻት።

መስከረም ለማጥባት በገባች ጊዜ ፈሂማ አጠገቧ ተንበረከከች። «እኅቴ፣ አልጽፍም» አለቻት። «ጥጤን እየሠራሁ ልቀመጥ ብቻ። ስትወጪ፣ ያየሁትን ላንቺ እነግርሻለሁ። ካልወደድሽው እዚያው ይቀራል፤ ወረቀት አይነካውም።»

መስከረም ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች። «ለኔ ልትነግሪኝ?» አለች፣ እንዳልገባት ሰው። ደግሞም፣ «እሱንማ ማን ይጠላል» አለች።

ማክሰኞ ፈሂማ ተቀመጠች።

ሠሬ መጀመሪያ አሮጌ የላስቲክ ሳፋ አገኘና ደፋው። ገፋው። ሳፋው እየተንሸራተተ፣ እሱም እየተከተለው፣ መስኮቱ ሥር አደረሰው። አንድ እግሩን ላዩ ላይ አወጣ። ሳፋው ሸሸ፤ በቂጡ ወደቀ። የፈሂማ እግር ከመሬት ተነሣ፤ መልሳ አስቀመጠችው። ሠሬ አላለቀሰም። ዙሪያውን አየ፣ ያየኝ አለ ወይ እንደሚል ሰው። ፈሂማ ዐይኗን ወደ ጥጧ ሰበረች። ማንም እንዳላየው ሲያረጋግጥ ተነሥቶ ሳፋውን እንደገና ገፋው፤ አሁን ግን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ማን አስተማረው? ንፍጡ ከንፈሩ ላይ ደርሷል። የፈሂማ ጣቶች መጥረጊያ ጨርቁን ፈለጉ፣ ጥጥ አገኙ። እትዬ ሸዋወርቅ ሊያነሡት ብድግ ሲሉ ፈሂማ በዐይኗ ለመነቻቸው፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለተኛም ወደቀ። በሦስተኛው ወጣ፤ ተንቀጥቅጦ ቆመ፣ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጁ ያዘ።

ከዚያ መስኮት የፋብሪካው በር ይታያል። ጠዋት እናቱ የምትገባበት በር ነው።

ሠሬ አየ። ብዙ አየ። ከዚያ «እማ» አለ። አልተጣራም፤ ለራሱ ነው የነገረው። ኋላም ሳፋውን ትቶ ሄደ፤ አንድ የሌላ ሕፃን ጫማ አንሥቶ ለባለቤቱ ወሰደለት፣ ይጫወት ጀመር።

የፈሂማ ጉልበት ላይ ባዘቶው ተከምሮ ነበር፤ ግማሹ ተበጣጥሷል። ፈትል የሚሆን አልነበረም።

መስከረም ስትወጣ እንጨቱ አጠገብ ቆመው ነገረቻት። ስለ ሳፋው፣ ስለ መውደቁ፣ ሰው እንዳያየው ዙሪያውን ስለማየቱ። መስከረም ሳቀች። «አባቱን! አባቱን ነው ይኼ!» ስለ መስኮቱ ስትነግራት ግን መሳቋን ተወች። ልጇን ታቅፋ፣ ማጣበቂያ በደረቀበት ጣቷ ጉንጩን ነካ ነካ እያደረገች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች።

«እኔ እኮ ዞር ስል የሚረሳኝ ነበር የሚመስለኝ» አለች። ከዚያም፣ «ሌላስ? ሌላስ ምን አደረገ?»

ፈሂማ የቀረውን ሁሉ ነገረቻት።

«ጻፊው» አለች መስከረም በመጨረሻ። «ግን ሳታሳዪኝ እንዳታስገቢው።»

ረቡዕ ፈሂማ ጽፋ አመጣችላት። በያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ማሻአላህ ነበረበት። መስከረም ወረቀቱን ተቀብላ፣ «በስመ አብ» አለችና ከላይ እስከ ታች «ትፍ! ትፍ! ትፍ!» አለችበት፤ ከልቧ ስለ ነበር ጥጉ ረጠበ።

ሐሙስ ቲቸር ሥርጉት አነበበችው። የረጠበችውን ጥግ በጣቷ ነካ አደረገች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የእናት ፈቃድ ነው፣ ቲቸር።»

ቲቸር ሥርጉት እስክሪብቶዋን አንሥታ ማሻአላሁን አንድ በአንድ በቀጭን መስመር ሰረዘችው። «የታየ ነገር ብቻ ነው የሚጻፈው» አለች። የመስኮቱ ነገር ጋ ስትደርስ ግን እስክሪብቶው ቆመ፤ በለሆሳስ፣ «እግዜር ያሳድገው» አለች። ከዚያ ፈረመች። የፈሂማም ስም ከሚተላለፉት ጋር ተጻፈ።

ፈሂማ ከቢሮው ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። የጨረሰ ሰው ምን ያደርጋል? የተወ ሰው የሚያደርገውን ታውቃለች፤ ሌላ ነገር ይጀምራል። የጨረሰ ግን? ግራ ገባት። እዚያው ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ተቀመጪ ሳይላት። ወዲያው ግን ምዘናው ትዝ አላት። ነፋስ የወሰደው፣ ቆማ አንዴ ብቻ ያነበበችው ምዕራፍም ትዝ አላት። ብድግ አለች።

በማግሥቱ፣ ሥራ መውጫ ላይ፣ መስከረም ከሌሎቹ እናቶች ቀድማ ደጃፉ ላይ ደረሰች። አሳይመንቱ እንደ ገባ ታውቃለች፤ ከዚህ በኋላ የሚጻፍ ነገር የለም። ቢሆንም ልጇን ስትቀበል አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «ዛሬስ?» አለች።

ፈሂማ ዞር ብላ አየች። ሁለት የማያውቋቸው ሴቶች በአጠገባቸው እያለፉ ነበር።

«ምን ያደርጋል፣ ይኼ አስቀያሚ!» አለች ጮክ ብላ። «ተኝቶ ዋለ! የማይረባ!»

ሴቶቹ አለፉ። ፈሂማ ወደ መስከረም ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።